የቦራ ክኒን

እታገኘሁ የምትሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ግርጌ ባለች መንደር፣ ገብስና ስንዴ በአህያና በጋሪ ጭኖ የሚመጣውን ሰው ተራ ታስይዛለች፣ እህሉን ትመዝናለች፣ ዱቄቱን በየጆንያው ትመልሳለች። ሲሬ ተወልዳ ለእንደሻው ተድራ ወደዚህ ከመጣች ወዲህ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይታይባት እሑድና በዓል ብቻ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፤ አንዷ ሮቤ፣ አንዷ በቆጂ ትዳር ይዘዋል። ወፍጮ እያጓራበት የሚውል ሰው ወይ ጯኺ ይሆናል፣ ወይ ዝምታ ይለምዳል። እሷ ዝምታውን ነው የለመደችው።

የቤቱ ጨዋታ ባሏ ነበር። ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ለአስፋልት መንገድ የሚሆን ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ሲከፈት እንደሻው ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ሆኖ ተቀጠረ። ድንጋዩን በድማሚት ያፈነዱታል፤ ሠራተኛው የተፈነዳውን ፈልጦ መኪና ላይ ይጭናል። ሊያፈነዱ ሲሉ ሳይረን ይነፋና ሰውም ከብትም ገለል ይላል። እንደሻው ጠዋት ወደ ካባው ሲወጣ ውሻው ቦራ ይከተለዋል፤ ማታም አብሮት ይወርዳል። ቦራ ቀይ ውሻ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው እንደሻው የፈረስ ስም ያወጣለት።

እንደሻው የሞተው በጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ነው። ምሳውን ሊበላ ከገደሉ ሥር ጥላ ይዞ ተቀምጦ ሳለ ድማሚቱ ፈነዳ፤ ገደሉ ተናደበት። ሰዎቹ አካፋና ዲጂኖ ይዘው ሲደርሱ ቦራ ቀድሟቸው በጥፍሩ ይቆፍር ነበር። አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ አልተመለሰም። የፊት እግሮቹ ጥፍር ተነቅሎ፣ አፍንጫው ተገሽልጦ፣ ሬሳውን የተሸከሙትን ሰዎች ተከትሎ እያነከሰ ነው ቤት የገባው።

መርማሪዎች መጥተው ሲጠይቁ የካባው ካቦ ኃይለመስቀል ቃሉን ሰጠ። «ሳይረን ተነፍቷል፤ ሟች ሰምቶ ችላ ብሎ ነው» አለ። ሌሎቹ ሠራተኞችም ካቦው ያለውን አሉ። ኃይለመስቀል ደግሞ ባዳ አልነበረም። የእንደሻው የማኅበር ጓደኛ፣ እታገኘሁ ቤት ስንት ጊዜ በልቶ የጠጣ፣ ሁለተኛዋ ልጃቸው ስትዳር ድንኳን የተከለ ሰው ነው። በቀብሩም ቀን ከፊት ሆኖ አልቅሷል። ቃሉን መስማቷ ግን ከቀብሩ በኋላ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። መንገድ ላይ ስታየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች።

«ባሌ ደንቆሮ አልነበረም» አለች ለጎረቤቷ ለብርቄ።

ካባው ጥቂት ቀን ተዘግቶ እንደገና ተከፈተ። መንገዱ ማለቅ አለበት፣ መንገዱ ደግሞ ድንጋይ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፍንዳታ ሲሰማ እታገኘሁ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ሚዛኑ ላይ ያለው ጆንያ ሲንቀጠቀጥ ዐይኗን ጨፈነች። ማታ ቤቷ ስትመለስ በሩ ከታች ተግጦ ተሰንጥቋል፤ ቦራ የለም። ያገኙት ካባው ላይ ነው። እንደሻው የተቀበረበትን ናዳ ቦታ ይቆፍራል። ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ሰውነቱ እንደ ወባ በሽተኛ እየተንዘፈዘፈ፣ ድንጋይ ቢወረውሩበትም ዞሮ አያያቸውም።

ከዚያ በኋላ ፍንዳታ በሆነ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። በሰንሰለት ብታስረው አንገቱን አቆሰለ። በሩን በግንድ ብትደግፍ በመስኮት ወጣ። አንድ ቀን ሰንሰለቱን ሲያኝክ የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ኃይለመስቀል በሰው በኩል «ውሻውን ያዙልን፤ ፈንጂ በተቀበረበት መሃል እየገባ ነው፤ አለዚያ ሌላ እርምጃ መውሰዳችን ነው» ብሎ ላከባት። እርምጃው ምን እንደሆነ አልጠፋትም። ለውሻ የሚጣል ሥጋ ምን እንደሚቀላቀልበት አገር ያውቃል።

እሷም ቢሆን ደህና አልነበረችም። እንቅልፍ ከቤቷ ከወጣ ቆይቷል። ትልቋ ልጇ ከሮቤ መጥታ ጎትታ ሐኪም ጋ ወስዳት፣ የሚያረጋጋ ክኒን ታዞላት ነበር። ስትውጠው ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ወፍጮ ቀስ ብሎ ይቆማል። እናም አንድ ቀን ከቀትር በፊት ከወፍጮ ቤት ብቅ ብላ ሳለች፣ ሳይረኑ ሲነፋና ቦራ ከአልጋ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሽንቱን ሲለቅ፣ እታገኘሁ የክኒኑን ዕቃ አየች። እኔን ካረጋጋኝ እሱን ምን ይለዋል? አለች። አንዱን በቂጣ ጠቅልላ ሰጠችው። መንቀጥቀጡ አልቆም ሲል ደገመችለት።

ፍንዳታው ያን ቀን ዘግይቶ ሆነ። ቦራ ሊነሳ ሞከረ፤ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ተነሳ፣ ወደቀ፤ ተነሳ፣ ወደቀ። በመጨረሻ በሆዱ ተኝቶ ቀረ። ዐይኖቹ ግን አልተከደኑም። ወደ በሩ አፍጥጦ፣ ጎኑ እንደ ወናፍ እየተርገበገበ፣ ሰውነቱ ተያዘ እንጂ ፍርሃቱ አልተያዘም። እታገኘሁ እንዲህ ያለ ዐይን አይታ አታውቅም። ቀስ በቀስ ያም ትንፋሽ እየራቀ ሄደ፤ ምላሱ በተሰበረው ጥርሱ በኩል ወጣ፤ ጆሮው ቀዘቀዘ።

ብርቄ ጩኸቷን ሰምታ ወተት ይዛ ሮጠች። «ጋቺው! ወተት መርዝ ይሰብራል!»

«መዋጥ አልቻለም እኮ፣ ብርቄ!»

ወተቱን ጥለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸከሙት። መንገድ ላይ ያገኙት የባጃጅ ሾፌር ውሻ አልጭንም ብሎ ነበር፤ የእታገኘሁን ፊት ሲያይ ባጃጁን አስነሳ።

አሰላ ያለው የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ በበሬና በአህያ ተሞልቷል። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ፣ ሆዱ የተነፋ ወይፈን፣ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ። እታገኘሁ በነጭ ዱቄት እንደተለወሰች ውሻ ታቅፋ ስትገባ ሰው ሁሉ ዞረ። የወይፈኑ ባለቤት፣ ጢማም ሽማግሌ፣ ነገሩን ከባጃጁ ሾፌር ሰምቶ በኦሮምኛ «ሳሬዳፍ?» ካለ በኋላ «ለውሻ? ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር ለውሻ የጭንቀት ክኒን?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

ሐኪሟ ዶክተር ሮሐ ትባላለች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች፣ ቦቲ ጫማና አረንጓዴ ቱታ የለበሰች ቀጭን ልጅ ናት። አልሳቀችም። ውሻውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ድዱን ገልጣ አየች፣ ደረቱን አዳመጠች።

«ምን ሰጡት?»

«የእኔን ክኒን።»

«ስንት?»

«አንድ። ከዚያ... ደገምኩለት።»

«ዕቃውን ይዘውታል?»

እታገኘሁ ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ሮሐ ጽሑፉን አንብባ ከንፈሯን ነከሰች።

«ወተት፣ ዘይት፣ ሌላ ነገር ግተውታል?»

«ልንግተው ነበር፤ ተውነው።»

«እንኳን ተዋችሁት። መዋጥ ያቃተው ውሻ የጋቱት ነገር ሳንባው ነው የሚገባው። ያን ጊዜ ክኒኑ ሳይሆን ወተታችሁ ነበር የሚገድለው።»

ግሉኮስ ሊሰቀልበት የሚችል ነገር ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ማንጠልጠያውን አንዲት ጊደር ከትናንት ወዲያ ረግጣ ሰብራዋለች። ያ የሳቀው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ወዲህ በይ» ብሎ ፕላስቲኩን ከእጇ ተቀበለ። ክንዱን ዘርግቶ፣ ሲደክመው እጅ እየለወጠ፣ ወይፈኑ ተራው ደርሶ እስኪጠራ ድረስ ያዘላት። እታገኘሁ የውሻውን እግሮች በመዳፏ እያሸች ታሞቃለች።

ቦራ እዚያው አደረ። በማግስቱ እታገኘሁ ስትመጣ ጭራውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መታ፤ ያን ያህል ነው የቻለው። ሮሐ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልገሥፅዎት አልችልም፤ የሚያደርጉት ቢጠፋዎት ነው» አለች። «ግን ይስሙኝ። የእርስዎ ክኒን የእርስዎ ነው። ለእርስዎ ኪሎ፣ ለእርስዎ ጉበት ነው የታዘዘው። ለእሱ ያለ ልክ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ እግሩን ይይዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያወጣለትም።»

«አይቻለሁ» አለች እታገኘሁ። «ዐይኑን አይቻለሁ።»

«እርስዎስ? የራስዎን ለእሱ ሲሰጡ እርስዎ ምን ዋጡ?»

«ተውኩት» አለች እታገኘሁ።

«እንግዲያው እርስዎም ሐኪምዎ ጋ ይመለሱ። በድንገት መተው ደግ አይደለም። ለሰውም ለውሻም።»

ሮሐ ለውሻ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እንዳለ ነገረቻት። መጀመሪያ ግን ደሙን መረመረች፣ ልቡን ደግማ አዳመጠች፣ ሌላ የሚወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀች። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልወሰደም ነበርና እሱንም ሲጠነክር መጥቶ እንዲከተብ ቀጠረችው። ልኩን ለማዘዝ ክብደቱ ያስፈልጋል፤ የክሊኒኩ ሚዛን የበሬ ነው፣ የውሻ ኪሎ አይነበብበትም።

«መመዘን ለእኔ ተይው፣ ልጄ» አለች እታገኘሁ።

ቦራ መቆም ችሎ ቤት ሲመለስ የወፍጮ ቤቱ የእህል ሚዛን፣ ባስኩላው ላይ አቆመችው። እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሰው «ውሻ ልታስፈጪ ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅ እሷ ኪሎውን አይታ ለሮሐ በስልክ ነገረቻት። መድኃኒቱ በዚያ ልክ ታዘዘ፤ ልትወስደው ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች።

«መጀመሪያ ፍንዳታ በሌለበት ቀን ይስጡት» አለቻት ሮሐ፣ «እሑድ ቢሆን፣ እርስዎም ቤት ሲውሉ። እንዴት እንደሚሆን ይዩት። ትንሽ ሊንገዳገድ፣ ሊተኛ ይችላል። ካስመለሰው፣ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ወይም ብሶበት ከተቆጣ ሁለተኛ አይስጡት፤ ይደውሉልኝ። ደረጃ ካለ አያውጡት። ክኒኑን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ሠራ አልሠራ ብለው ግን በፍጹም አይድገሙለት።»

«አልደግምም። ከእንግዲህ አልደግምም።»

«አንድ ነገር ቀረ። ከፍንዳታው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መዋጥ አለበት። ፍርሃቱ አንዴ ከገባ በኋላ ቢሰጡት ዋጋ የለውም። መቼ እንደሚያፈነዱ በምን ያውቃሉ?»

«ሳይረን ይነፋል። እሱ ግን ወዲያው ነው።»

«ቀድሞ የሚያውቅ የለም?»

«ካቦው ያውቃል» አለች።

«እና ይጠይቁታ።»

ሮሐ ታሪኩን አታውቅም። እታገኘሁም አልነገረቻትም። መድኃኒቱን ተቀብላ ወጣች።

እሑድ ክኒኑን ሰጠችው። ቦራ ትንሽ ተንገዳግዶ ውሃ ጠጣና ፀሐይ ላይ ተኛ፤ ስትጠራው ራሱን አነሳ። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ካባው ወጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያን ኮረብታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ኃይለመስቀል ድንጋይ ከሚፈጨው ክሬሸር አጠገብ ቆሞ መኪና ያስጭን ነበር። ሲያያት የራስ ቆቡን አወለቀ።

«እታገኘሁ።»

«ለሌላ ነገር አልመጣሁም» አለች። «የምታፈነዱበትን ሰዓት ጠዋት ጠዋት እንድትነግረኝ ነው።»

«ለምንሽ?»

«ለውሻው መድኃኒት አለ። ቀድሞ ካልዋጠ አይሠራም።»

ኃይለመስቀል የምትቀልድበት መስሎት ፊቷን መረመረ። ከዚያ አንገቱን ሰበረ። «እደውልልሻለሁ» አለ።

ደወለም። ፍንዳታ ባለ ቀን ሁሉ ጠዋት ስልኳ ይጮኻል። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» ይላል። «እሺ» ትላለች። ይዘጋል። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። ሁለት ሰዓት ሲቀረው ክኒኑን በቂጣ ታጎርሰዋለች። ከወፍጮ ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግራ በዚያች ሰዓት ቤቷ ትመጣለች፤ የጓዳውን ግድግዳ በፉርሽካ ጆንያ እስከ ጣራው ደርድራ ድምፁን አፈነችው፣ ሬዲዮ ከፍታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። ቦራ ይንቀጠቀጣል፤ ግን በር አይሰብርም። ከጊዜ በኋላ ራሱን ጭኗ ላይ ጥሎ ፍንዳታውን ማሳለፍ ጀመረ፤ በቀጠሮው ቀንም ክትባቱን ወሰደ።

ሁልጊዜ አልተሳካም። አንድ ቀን ከተነገራት ፍንዳታ በኋላ ማታ አካባቢ ያልተነገረ ሌላ ተከተለ። ቦራ ተነስቶ በጆንያዎቹ ላይ ሲዘልል እጇ ወደ ክኒኑ ሄደ። ዕቃውን ከፈተችው። መልሳ ዘጋችው። ውሻውን በሁለት እጇ አቅፋ ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ እሱም ከጭንቀቱ ብዛት ክንዷን ነከሳት፤ ደሟ ቀሚሷን አራሰው። አለቀቀችውም። ሲደክመው የነከሰውን ቦታ ይልስ ጀመር። እሷም እዚያው ተኝታ፣ እንደሻው ከሞተ ወዲህ አልወጣ ያላት ልቅሶ ወጣላት።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ ኃይለመስቀል ገና ሳይናገር ቀደመችው።

«ትናንት ሁለተኛውን አልነገርከኝም።»

«ድንገት ነው፤ አለቆቹ አዘዙ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ውሻው ምን ሆነ?»

ይህ ጥያቄ ነው ያፈነዳት። ለወራት የታፈነው ድምፅ እንደ ወፍጮ ሞተር ተነሳ።

«ውሻው? ለውሻ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ትደውላለህ! ስለ ውሻ ይቅርታ ትላለህ! ለእንደሻው ማን ደወለለት? ቤቱ ስንት ጊዜ የበላህ የጠጣህበት ወንድምህ፣ ምሳውን እንደያዘ ስታፈነዱበት አንተ የት ነበርክ? ሳይረን ነፍተናል አልክ። እኔ ወፍጮ ቤት ሆኜ ሌላውን ቀን ሁሉ የምሰማውን ሳይረን ያን ቀን ለምን አልሰማሁም?»

ከወዲያ የክሬሸሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ተበላሽቶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሳይረኑ ተበላሽቶ ነበር። በአፍ ንገሩ ብዬ ሰው ላክሁ። እሱ ጋ አልደረሰም።»

እታገኘሁ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ታውቅ ነበር፤ መስማቱ ግን ሌላ ነው።

«ይህንኑ መርማሪው ፊት ትለዋለህ?»

«አልችልም፣ እታገኘሁ። ልጆች አሉኝ። ካልኩ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«እሱም ልጆች ነበሩት።»

«አውቃለሁ።»

ዘጋችበት።

ያን ቀን ብርቄ «ሂጂ ክሰሺው፤ እውነቱን ያውጣ» ስትላት ሄደች። ቢሮ ለቢሮ ዞረች። ምስክር ካለሽ አምጪ አሏት። ኃይለመስቀልን ሲጠሩት የመጀመሪያ ቃሉን ደገመው። በስልክ የተባለ ነገር እንደ ንፋስ ነው ተብሎ መዝገቡ እንደተዘጋ ቀረ። ልጆቿ መጥተው «እንውሰድሽ፣ እማዬ፤ በቆጂ ነይ» ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ እንደሻው በሠራው ቤት ውስጥ መሞት እፈልጋለሁ አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ስልኳ ጠዋት ጮኸ። የማን እንደሆነ አይታ እያስጮኸች ተወችው። እንደገና ጮኸ። ቦራ በሩ ላይ ተኝቶ ያያታል። ካላነሳች ሰዓቱን አታውቅም፤ ሰዓቱን ካላወቀች በሩን ሰብሮ ወደ ፈንጂው ይሄዳል። የባሏን ደም የካደ ሰው እጅ ላይ ወድቃለች፤ ሌላ እጅ የለም። አነሳችው።

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው» አለ።

«እሺ» አለች።

ክረምቱን እንዲህ ዘለቁት። መንገዱ በነሐሴ መጨረሻ አለቀ፤ ክሬሸሩ ተነቅሎ በትልቅ መኪና ተጭኖ ሄደ። ሮሐ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጥ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰች እንድትተው አሳየቻት፤ እንዳለቻት አደረገች። ቦራ እንደ ድሮው አልሆነም። ጺሙ ሸብቷል፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም አሁንም የፉርሽካው ጆንያ መሃል ይገባል። ግን ይበላል፤ ይተኛል። ወደ ካባው አልወጣም።

የእንደሻው ሙት ዓመት በጥቅምት ተዘከረ። ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ኃይለመስቀል ብቻውን መጥቶ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሥራው ወደ ሌላ አገር ስለሄደ ከሩቅ ነው የመጣው። ሰው ሁሉ ወደ እታገኘሁ አየ። ታስወጣዋለች ያለ አለ፤ ትሰድበዋለች ያለም አለ። እሷ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ለብርቄ «ምግብ ውሰጂለት» አለቻት። ራሷ ግን ወደዚያ አልተጠጋችም።

ቦራ ነው የተጠጋው። ሰዎቹን በአፍንጫው እየለየ በወንበሮቹ መሃል ሄዶ ኃይለመስቀል ጋ ሲደርስ አሽትቶት፣ ድሮ ካባው ላይ የሚያውቀው ሰው ነውና እግሩ ሥር ተጋደመ። ኃይለመስቀል ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እታገኘሁ ውሻውን ልትጠራው አፏን ከፍታ ነበር። ተወችው። ወደ ጓዳ ተመልሳ ለሚቀጥለው እንግዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች።